የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከሻካራው ዱቄት ወደ ፖሊሹ ስንሻገር በርሜሉን እንዴት እንጠብ?

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች። የምኖረው በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ በሴንት ፖል ከተማ ነው። ልጆቼ ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ወራት በሱፒሪየር ሐይቅ ዳርቻ ስንዘዋወር አጌት የሚባሉ ቀያይ መስመር ያላቸውን ድንጋዮች ለቅመን ተመለስንና፣ ባለ 3 ፓውንድ የጎማ በርሜል ያለው አነስተኛ የድንጋይ ማለስለሻ ማሽን ገዛን። መመሪያው እንደሚለው በ60/90 ቁጥር የማለስለሻ ዱቄት (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዱቄቱ ሻካራ ነው) አንድ ሳምንት፣ በ150/220 አንድ ሳምንት፣ በ500 አንድ ሳምንት፣ በመጨረሻም በፖሊሽ ዱቄት አንድ ሳምንት አዞርነው። በየመካከሉ ድንጋዮቹንም በርሜሉንም በውኃ አለቅልቄአለሁ። ይሁን እንጂ ድንጋዮቹ እርጥብ ሳሉ እንደ መስታወት ያበሩና ሲደርቁ ይደበዝዛሉ፤ ወደ ፀሐይ ሳቀርባቸው ደግሞ ቀጫጭን ጭረቶች ይታዩኛል። ዱቄቱ ነው የማይረባው ወይስ እኔ ነኝ ያጠፋሁት?

መልስ፦ ከገለጹልን ምልክት ስንነሣ ዱቄቱን የምንከስበት ምክንያት አናይም። ጥፋተኛው ምናልባት ከቀደሙት ሳምንታት ተርፎ ከድንጋዮቹ ጋር ወደ ፖሊሹ የተሻገረ ጥቂት የሻካራ ዱቄት ቅንጣት ነው። ያም ሆኖ በርሜሉን ከመውቀስዎ በፊት አንድ ድንጋይ በደንብ አድርቀው፣ ጌጣጌጥ ሠሪዎች በሚይዟት አሥር ጊዜ በምታጎላ ማጉያ መነጽር ይመልከቱት። በየአቅጣጫው የተጋደሙ ረዘም ያሉ መስመሮች ካዩ ነገሩ የዱቄት መሻገር ነው። የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ጥቃቅን የጥፍር ምልክት የሚመስሉ ነገሮች ካዩ ግን ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው ተጋጭተዋል ማለት ነውና መድኃኒቱ ማጠብ ሳይሆን በርሜሉን እስከ ሁለት ሦስተኛው ወይም ሦስት አራተኛው ድረስ መሙላት ነው። ጭረት የሌለው፣ እንደ ቀጭን ጭጋግ የተነጠፈ ግራጫ ነገር ብቻ ከሆነ ደግሞ እሱ የፖሊሹ ዱቄት ቅሪት ስለሆነ በሳሙና ውኃ ጥቂት ሰዓት ቢያዞሯቸው ይለቃል። እርስዎ ጭረት ማየትዎን ስለጻፉልን የመጀመሪያውን ይዘን እንቀጥላለን።

የ60 ቁጥር ዱቄት አንዷ ቅንጣት ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ስፋት አላት፤ የፖሊሽ ዱቄት ቅንጣት ግን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ገደማ ናት። በመካከላቸው ወደ 250 እጥፍ የሚደርስ ልዩነት አለ ማለት ነው። አናጢ ጠረጴዛውን በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ ሳለ ከ60 ቁጥሩ የተራገፈች አንዲት ፍርፋሪ በወረቀቱና በእንጨቱ መካከል ብትገባ፣ የሰዓታት ሥራውን በአንድ እጅ ምልሰት ታበላሽበታለች። በበርሜል ውስጥ ደግሞ ያቺ ፍርፋሪ የምትዞረው ቀንና ሌሊት ነው። የምትሠራውም ከሲሊከን ካርባይድ ሲሆን፣ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ ከ9 በላይ ስለሆነች ከ6.5 እስከ 7 ያለውን አጌት ለመጫር አትቸገርም።

እዚህ ላይ በመመሪያዎቹ የማንስማማበት ነገር አለ። አብዛኞቹ «በየደረጃው መካከል በሚገባ ይታጠብ» ብለው ሁሉንም መሻገሪያ በእኩል ዓይን ያዩታል። ሲሊከን ካርባይድ ግን ሲዞር ራሱም እየተሰባበረ ይደቅቃል፤ ስለዚህ ከ60/90 ወደ 150/220 ሲሻገሩ የሚያመልጥ ጥቂት ቅሪት ብዙ ጉዳት ሳያደርስ እዚያው ደቅቆ የሚያልቅበት ዕድል አለ። ከ500 ወደ ፖሊሹ ሲሻገሩ ግን ይህ ይቅርታ የለም። ጊዜና ውኃ ከሌለዎት ከመጀመሪያው መሻገሪያ ይቆጥቡ እንጂ ከመጨረሻው አይቆጥቡ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ቢበቃው ለመጨረሻው ግማሽ ቀን ቢሰጡት አይበዛበትም።

«አለቅልቄአለሁ» ያሉት የሚታየውን ጭቃ ነው፤ የሚጎዳው ግን የማይታየው ነው። እናቶቻችን የጠላ እንስራ በግራዋ ሲያጥቡ ከሆዱ ይልቅ ለአንገቱ የሚጨነቁት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የከረመው አተላ የሚደበቀው እጅ በማይመቸው ቦታ ነው። የጎማው በርሜልም አንገት አለው። ክዳኑ የሚገባበት ጠርዝና በጠርዙ ዙሪያ ያለው ቀጭን ቦይ ዱቄት ከነጭቃው የሚጋገርበት ዋናው ስፍራ ነው። ክዳኑን ሲገጥሙ ጎማው ስለሚጫነው የተጋገረው እዚያው ይቀመጥና፣ በአራተኛው ሳምንት በርሜሉ ሲሞቅና ጎማው ላላ ሲል ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ ይራገፋል። ስለዚህ ክዳኑን፣ የክዳኑን የብረት ሰሌዳና ካለው ጓርኒሲዮኑን (የጎማ ማሸጊያውን) ለየብቻ ፈትተው ያውጡ፤ ቦዩን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ዙሪያውን ይፈትጉ፤ ከዚያም ነጭ ጨርቅ በጣትዎ ላይ ጠቅልለው በቦዩ ውስጥ አንድ ዙር ይሂዱበት። ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከወጣ ገና ነዎት።

ሁለተኛው መደበቂያ ድንጋዩ ራሱ ነው፤ የእርስዎ ድንጋዮች ደግሞ በዚህ ረገድ አስቸጋሪ ናቸው። የሱፒሪየር ሐይቅ አጌት፣ ሚኒሶታ ከ1969 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የግዛቱ የከበረ ድንጋይ አድርጋ የያዘችው፣ በጥንት የእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ባሉ ጉድጓዶች የተሠራ በመሆኑ ብዙ ጊዜ በመካከሉ ያልተሞላ ዋሻና በዳሩ ስንጥቅ ይኖረዋል። በእነዚህ ውስጥ የገባ የ60 ቁጥር ዱቄት በማለቅለቅ አይወጣም። እያንዳንዱን ድንጋይ በጠንካራ ብሩሽ ይፈትጉ፤ ስንጥቁን በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ይፈልፍሉ እንጂ በመርፌ አይሞክሩት፤ ብረቱ መስመር ይተዋል። ተፈልፍሎ የማይጸዳ ጉድጓድ ያለውን ድንጋይ ጨክነው ያውጡት። ወይ ጉድጓዱ ተፍቆ እስኪጠፋ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ይመለስ፣ ወይ ሳይበራ ለልጆቹ ይቅር። አንድ ውብ ድንጋይ ላለማጣት ብለው ሠላሳውን ያጣሉ። ስንጥቁ እንዳይሰፋም የሚጠቀሙበት ውኃ ከድንጋዮቹ ጋር ተቀራራቢ ሙቀት ይኑረው፤ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ የፈላ ውኃ ማፍሰስ አጌትን ይሰነጥቃል።

ሦስተኛው ሰው የማይጠረጥረው ነው። ይህን የምንለው ከራሳችን ደርሶ ነው። ይህን ዓምድ የሚያዘጋጀው ሰው አንድ ጊዜ በርሜሉን ሦስት ጊዜ ፈትጎ፣ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ቦርሾ፣ ፖሊሹ ግን ተጫጭሮ ወጣበት። ጥፋቱ የወንፊቱ ነበር። የወንፊቱ የሽቦ መረብ ከክፈፉ በሚታጠፍበት ቦታ የሻካራው ዱቄት ተሰግስጎ ኖሮ፣ ንጹሕ ድንጋይ በተጣለበት ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይሰጠው ነበር። ከዚያ ወዲህ ለፖሊሹ የተለየ ማጥለያ፣ የተለየ ብሩሽና የተለየ ባልዲ ይዘናል። በርሜሉም ቢሆን ሁለት ቢሆን እንመርጣለን። ጎማ ለስላሳ ስለሆነ ከጊዜ ብዛት ሻካራ ዱቄት በገጹ ላይ ይተከልበታል፤ ለፖሊሽ ብቻ የሚያገለግልና በላዩ በማይለቅ ቀለም «ፖሊሽ» ተብሎ የተጻፈበት በርሜል ይህን ጣጣ በአንድ ጊዜ ያስቀራል። ድንጋዮቹን ለማለሳለስ አብረው የሚጨምሯቸው የሴራሚክ ወይም የፕላስቲክ ማሟያዎችም በየደረጃቸው በተለያየ ማሰሮ ይቀመጡ። ሴራሚኩ ቢታጠብ ይጸዳል፤ ፕላስቲኩ ግን ዱቄቱን በገላው ላይ ስለሚይዝ በ60 ቁጥር የዞረውን ፈጽሞ ወደ ፖሊሽ አያሻግሩት።

የሥራው ቅደም ተከተልም ቦታ አለው። በርሜሉን ሳይከፍቱ በፊት ውጩን ይጠቡ፤ አለዚያ በክዳኑ ላይ የደረቀው ጭቃ ሲከፍቱት ወደ ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ በባልዲ ላይ በተቀመጠ ማጥለያ ድንጋዮቹን ይገልብጡ፤ በሌላ ባልዲ ያለቅልቁ፤ በሦስተኛው ይቦርሹ። እጅዎንና ጥፍርዎን ከሦስተኛው ባልዲ በፊት መታጠብዎን አይርሱ፤ እጅጌዎትንም ይሰብስቡ። ማሽኑ ራሱም እንዳይዘነጋ። የሚያሽከረክሩትን ዘንጎች በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ በዚያ የቀረ ዱቄት የዘንጉን መቀመጫ ይበላል፣ በርሜሉንም ያንሸራትተዋል። በርሜሉን በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብ የሚመክሩዎት ካሉ አይስሟቸው፤ ጎማው ያብጣል።

በመጨረሻ፣ ከ500 በኋላና ከፖሊሹ በፊት፣ የጸዱትን ድንጋዮች በጸዳው በርሜል መልሰው እስከ ድንጋዮቹ አናት ድረስ ውኃ ይጨምሩና፣ ሽታና ቅባት የሌለው የገላ ሳሙና ፈቅፍቀው አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ያክሉበት፤ ሦስት አራት ሰዓት ያዙሩት። አረፋው ከየስንጥቁ የቀረውን ያወጣል። ሲከፍቱት ውኃው ግራጫ ከሆነ ደፍተው ይድገሙ። ነጭ ሆኖ የሚወጣበትን ጊዜ መጠበቅ አሰልቺ መሆኑን እናውቃለን፤ ቢሆንም ሌላ ሳምንት ከማዞር ያነሰ ድካም ነው።

እንግዲህ ጸድቷል ወይስ አልጸዳም የሚለውን በዓይን ብቻ አይወስኑ። ከመጨረሻው እጣቢ ሥር አንድ ጠብታ በማንኪያ ያውጡና በሁለት የመስኮት መስታወት ስብርባሪ መካከል አድርገው ቀስ እያሉ ያሹት፤ ጠርዙ እንዳይቆርጥዎት ይጠንቀቁ። ንጹሕ ውኃ ድምፅ የለውም። ሻካራ ቅንጣት ካለ ግን ጣትዎ ሳይሰማው ጆሮዎ «ክርር» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ መስታወቱን ወደ ብርሃን ሲያዞሩትም አዲስ መስመር ያገኙበታል።

አሁን የያዟቸውን ድንጋዮች በተመለከተ፣ ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግዎትም። ሁሉንም ከላይ እንደተባለው ካጸዱ በኋላ በ500 አንድ ሳምንት መልሰው ያዙሯቸውና በማጉያው ይዩአቸው። ጭረቱ ከጠፋ ወደ ፖሊሹ ይለፉ፤ ካልጠፋ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ለአንገት ጌጥ የሚሆን ጃስፐር አለሰልሳለሁ። የበርሜሉን ጭቃ በላቫንዲኖው ስደፋ ሰንብቼ አሁን ውኃው አልወርድ ብሏል። የሚያሟሟ ኬሚካል ብጨምርበት ይከፈታል ወይ? ግቢ ለሌለው ሰውስ ምን ትመክራላችሁ?

መልስ፦ አይከፈትም። በሲፎንዎ ውስጥ የተቀመጠው የተፈጨ ድንጋይና የሲሊከን ካርባይድ ቅሪት ነው፤ የቅባትና የፀጉር መዘጋትን የሚያሟሙ ኬሚካሎች ድንጋይን አያሟሙም። ይልቁንም ኬሚካሉ ከጭቃው በላይ ተኝቶ ስለሚቆይ፣ በኋላ ሲፎኑን የሚፈታውን ሰው ፊትና እጅ ሊያቃጥል ይችላል። እስካሁን ካልጨመሩ አይጨምሩ። ከሥሩ ባልዲ አስቀምጠው ሲፎኑን በእጅ ይፍቱትና ጭቃውን ጠርገው ያውጡ። ከሲፎኑ አልፎ ወደ ግድግዳው ቧንቧ ወርዶ ከተጋገረ ግን እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራልና ነገሩ የእርስዎ ብቻ አይሆንም፤ ከሥር ያሉትም ጎረቤቶች ይነካሉ። ያኔ የቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ፣ ምን እንደደፉበትም ሳይደብቁ ይንገሩት።

ለወደፊቱ ግቢ አያስፈልግዎትም፤ ክዳን ያላቸው ሁለት ባልዲዎች ይበቃሉ። እጣቢውን በአንዱ ደፍተው ሌሊቱን ሙሉ ሳይነካ ያሳድሩት። ጠዋት አተላው ከሥር ረግቶ፣ ውኃው ከላይ ጠርቶ ያገኙታል። የጠራውን ቀስ ብለው ወደ ሁለተኛው ባልዲ ያጋቡ። ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ውኃ ሀብት ነው። ለፖሊሽ አይሆንም እንጂ ለሚቀጥለው የ60/90 ድንጋይ የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ያለ ምንም ስጋት ያገለግላል። ከሥር የቀረውን አተላ እርጥብ እንዳለ በፌስታል ቋጥረው ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣሉት። «እርጥብ እንዳለ» ያልነው በምክንያት ነው። ጃስፐር፣ መጽሐፍ ቅዱሳችን ኢያሰጲድ የሚለው ድንጋይ፣ ከኳርትዝ ወገን ስለሆነ ጭቃው ሲደርቅ የሚቦነው አቧራ ሲሊካ አለበት፤ ይህን አቧራ ለረጅም ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ሳንባው ሊጠባሰስና ሲሊኮሲስ በሚባለው በማይድን በሽታ ሊያዝ ይችላል። በረንዳዎ ላይ የደረቀ ጭቃ ካለ በመጥረጊያ አይጥረጉት፤ አርጥበው በጨርቅ ያንሡት፤ ጨርቁንም ሳያራግፉ ይጠቡት ወይም ይጣሉት።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው የምጽፈው። ከደላንታ የመጣ ጥሬ ኦፓል በጎማ በርሜል አዙሬ ነበር። ከ220 ቁጥር ሳወጣው ቀለሙ ሁሉ ጠፍቶ ውኃ የመሰለ ድንጋይ ሆነ፤ ከታጠበም በኋላ አልተመለሰም። የማጠብ ጉድለት ነው?

መልስ፦ በከፊል ነው። በወሎ፣ ደላንታ ውስጥ በወገል ጤና አካባቢ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በብዛት የሚወጣው ኦፓል አብዛኛው ውኃ የሚጠጣ ዓይነት ነው። በገላው ውስጥ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ስላሉት በውኃ ሲሞላ ያሸበርቅ የነበረው ቀለም ይደበቅና ድንጋዩ ብርጭቆ ይመስላል። ይህ በራሱ ጉዳት አይደለም፤ በጥላ፣ በዝግታ ሲደርቅ ቀለሙ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ነገር ግን ቀናት ሊወስድ ስለሚችል አይቸኩሉ፤ ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ ማድረግ በድንገት ስለሚያደርቀው ይሰነጥቀዋል።

ችግሩ የጠጣው ውኃ ምን ዓይነት ነበር የሚለው ላይ ነው። የበርሜሉ ውኃ ከሌሎች ድንጋዮች የወጣ ቀይ የብረት ዝገት፣ ሳሙና ወይም ቀለም ካለበት ኦፓሉ ያንኑ ይዞ ይገባል፤ በውጭ የሚደረግ ማለቅለቅም ከውስጥ አያወጣውም። ከአሁኑ ማድረግ የሚችሉት በንጹሕ፣ ቢቻል በተጣራ ውኃ ውስጥ አኑረው ውኃውን በየቀኑ እየለወጡ ለጥቂት ቀናት ማቆየት፣ ከዚያም በጥላ ማድረቅ ነው። ቡናማ ቀለም ከቀረበት ግን ቆሻሻው ከውስጥ ቀርቶበታል ማለት ነው። ለሚቀጥለው፣ እንዲህ ያለውን ኦፓል ከነጭራሹ ወደ በርሜል ባያስገቡት ይሻላል። ጥንካሬው ከ5.5 እስከ 6.5 ብቻ ስለሆነ ከአጌት ጋር ሲዞር ይበላል፤ በእጅ ተይዞ ቢለሰልስ ከጭቃውም ከግጭቱም ይድናል። ባልጩትም ለግጭት ስስ ነው፤ እሱ ግን ውኃ ስለማይጠጣ ለብቻው፣ በብዙ ማሟያ ተደግፎ ቢዞር ያምርበታል።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ። የበርሜሉ ክዳን በሦስተኛው ቀን እንደ ዳቦ ይነፋና ጭቃው በጎን ይፈስሳል። አሮጌ ክዳን ስለሆነ ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ክዳኑ «መነፋቱን» ስለጠቀሱ በውስጡ ጋዝ ተጠራቅሟል። ከአንዳንድ ድንጋዮች ጋር ይህ ይደርሳል፤ ጭቃውም የሚፈስሰው ጋዙ መውጫ ሲያጣ ነው። በቀን አንድ ጊዜ ማሽኑን አጥፍተው፣ ክዳኑን ከፊትዎ አዙረው፣ ሲጋራም ሆነ ምድጃ በሌለበት ቦታ ከፈት አድርገው ያስተንፍሱት። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ የሚጨምሩ አሉ፤ ይረዳል። በርሜሉን ለማጽዳት ኮምጣጤ የሚጠቀሙ ከሆነ ግን ይተዉት፤ በተለይ እብነ በረድ የሚያዞሩ ከሆነ ኮምጣጤው ከድንጋዩ ጋር ተዋሕዶ ራሱ ጋዝ ይፈጥራል፣ የድንጋዩንም ገጽ ይበላዋል።

ጋዝ ሳይኖር የሚያፈስስ ከሆነ ወደ መጀመሪያው መልስ ይመለሱና የክዳኑን ቦይ ይመልከቱ። በጠርዙ ላይ የቀረች አንዲት የዱቄት ቅንጣት ጎማው እንዳይገጥም አድርጋ ትይዘዋለች። ቦዩን ከፈተጉ በኋላ ጠርዙን በእርጥብ ጣት ዙሪያውን ይዳስሱ፤ ጣትዎ ሳይቧጠጥ ዞሮ ከተመለሰ ክዳኑን ይግጠሙትና በርሜሉን በደረቅ ጋዜጣ ላይ አጋድመው ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። ጋዜጣው ከራሰ ጓርኒሲዮኑን ይለውጡ።